24 ቢቱ የት ገባ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «በ24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ በፍላክ ፋይል አለኝ። ሲዲ ላይ በርን አደረግሁት። መልሼ ኮምፒውተር ላይ ስገለብጠው 16 ቢት ሆኖ አገኘሁት። የትኛው ፕሮግራም ነው የሚሻለኝ?»

ቢትና ኪሎኸርዝ ድምፁ ምን ያህል በዝርዝር እንደተቀዳ የሚናገሩ ቁጥሮች ናቸው፤ ፍላክ ደግሞ ጥራቱን ሳይቀንስ ድምፅን የሚያምቅ የፋይል ዓይነት ነው። ፕሮግራሙም በርነሩም (ዲስክ መጻፊያው) ጤነኛ ናቸው። ነገሩ የተበላሸው ሜኑው ላይ «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለውን ሲመርጡ ነው። ኦዲዮ ሲዲ ከ16 ቢትና ከ44.1 ኪሎኸርዝ ሌላ አያውቅም፤ ፕሮግራሙም ሳይጠይቅዎት ቀይሮ ጻፈው። እስቲ እናስላው። 24 ቢት በ96 ኪሎኸርዝ (ባጭሩ 24 በ96) ስቴሪዮ ድምፅ ሳይታመቅ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። አንድ ሰዓቱ ከ2 ጊጋባይት ያልፋል። ይህ 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ እንዴት ይገባል?

ከሲዲው የገለበጡትን ይተዉት፤ የጠፋው አይመለስም። ዋናውን ፍላክ ይያዙና ባዶ ዲቪዲ ያዘጋጁ። የዲቪዲ ቪዲዮ ደንብ ያልታመቀ 24 በ96 ስቴሪዮ ድምፅ ስለሚፈቅድ፣ ዲስኩን ተራ ዲቪዲ ማጫወቻም ያነበዋል። 4.7 ጊጋባይቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይይዛል። እኔ ለዚህ የምወደው ኤልፕሌክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ፍላኩን ሲሰጡት ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ያወጣልዎታል። ያንን ኢምግበርን በሚባለው የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ይጻፉት። ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ፣ የተጻፈውን መልሶ የሚያረጋግጠውን «ቬሪፋይ» የሚለውንም አይርሱ።

ፋይሉ 88.2 ወይም 192 ኪሎኸርዝ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ አይሠራም ነበር። ያኔ የሚያስፈልገው ዲቪዲ ኦዲዮ የሚባለው ሌላ የዲስክ ዓይነት ነው፤ እሱን ደግሞ ሁሉም ማጫወቻ አያነበውም። እውነተኛ ኤስኤሲዲማ (ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ) በኮምፒውተር በርነር አይጻፍም፤ በሱ ጊዜዎን አያቃጥሉ።

ማጫወቻዎንም ይፈትሹ። ብዙዎቹ በዲጂታል ገመድ ሲያወጡ ድምፁን ወደ 48 ኪሎኸርዝ ያወርዱታል። ሴትአፕ ውስጥ 96 የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት።

በመጨረሻ እኔ ሁልጊዜ የማደርገውን ይሞክሩ። ድምፁን ዲቪዲ ኦዲዮ ኤክስትራክተር በሚባለው ፕሮግራም ከዲስኩ ያውጡትና ከዋናው ፋይል ጋር ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ይክፈቱ። በደንብ ዙም አድርገው መነሻቸውን እኩል ያድርጉ፤ የአንድ ሳምፕል (የድምፁ ትንሿ ቁራጭ) ልዩነት እንኳ ፈተናውን ያበላሸዋል። ከዚያ አንዱን ብቻ መርጠው ሞገዱን በሚገለብጠው ትዕዛዝ «ኢንቨርት» ይበሉትና ሁለቱን አብረው ያጫውቱ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ድምፆቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ቮልዩሙን ጨምረውም ጸጥ ካለ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ያው የእርስዎ 24 ቢት ነው።