አሮጌ የስኪ ጀልባ ማደስ ስንት ያስወጣል? ጠይቁኝ

የጀልባዬን ፎቶ አይታችሁ «ይቺ ነገር ስንት በላችህ?» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ የዛሬን ቅዳሜ ለእናንተ ሰጥቻለሁ። የስኪ ጀልባ ማለት ውኃ ላይ በስኪ የሚንሸራተትን ሰው የምትጎትት ሞተር ጀልባ ናት። የእኔዋ የ1986 ስኪ ኖቲክ 2001 ናት (2001 የሞዴሏ ስም እንጂ ዓመት አይደለም)፤ ሞተሯ ፎርድ 351፣ አድራሻዋ ሚኒሶታ፣ ከቤቴ ኋላ ያለው ጋራዥ። ሥራዬ የመኪና መካኒክነት ነው፤ ጀልባ የጀመርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዋጋው በዶላር፣ ሁሉም የግዢ ደረሰኞቼን ካጠራቀምኩበት ካርቶን የወጣ ነው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ወሬውን ተወውና መጀመሪያ ቁጥሩን ንገረን።

እሺ። ጀልባዋን ከነተሳቢዋ 3,200 ገዛኋት። የበሰበሰውን የውስጥ እንጨትና ወለል አውጥቼ በአዲስ ስተካ ለሬዚን (የፋይበር ጨርቁን አጣብቆ የሚያደርቀው ፈሳሽ)፣ ለፋይበር ጨርቅ፣ ለእንጨትና ለፎም 3,650 ወጣ። ሞተሩ ላይ ካርቡሬተር ማደስ፣ ዲስትሪቢዩተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የጭስ ማኒፎልዶችና ጎማ ቱቦዎቻቸው 2,400። የወንበር ልባስ 1,850። የተሳቢው ጎማና ኩሽኔታ 780። የኤሌክትሪክ ሽቦና ከሆዷ ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ 640። ፕሮፔለር 480። ግራይንደር፣ የአፍንጫ ጭምብል፣ የብርጭቆ ወረቀት በካርቶን፣ ሲደማመር 900። እዚህ ላይ 13,900 ሞላ። ከዚያ በራሴ ጥፋት ሞተር ቀየርኩ፤ ያገለገለ ነው፣ 2,600። ድምሩ 16,500።

ባለፈው በጋ አንድ ሰውዬ 11,000 ልስጥህ ብሎኛል። የፈጀሁትን ሰዓት 400 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ጥያቄ (ከዳላስ፣ ያው ሰውዬ)፦ ታዲያ ምኑ ነው ትርፉ?

ትርፍ የለውም። የዛሬ አዲስ የስኪ ጀልባ ከ100,000 በላይ ነው፤ በዚያ ካየኸው አተረፍኩ ማለት ትችል ይሆናል። እኔ ግን 100,000 ኖሮኝ አያውቅም፣ ስለዚህ ያልነበረኝን ገንዘብ አተረፍኩ አልልም። አድሰህ ለመሸጥ ካሰብክ ቤት አድስ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ከሌላው ሞተር ጀልባ በምን ትለያለች?

ሞተሩ ከኋላ አይንጠለጠልም፣ መሃል ላይ ተቀምጧል። ፕሮፔለሩ ከሆዷ ሥር ነው። የስኪው ገመድ የሚታሰረውም መሃል ባለው ምሰሶ ላይ ስለሆነ ስኪው ላይ ያለው ሰው ወደ ጎን ሲጎትታት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከኋላዋ የምትተወው ማዕበልም ትንሽ ነው። ለመዝናኛና ለዓሣ ማጥመድ ከፈለግሽ ሌላ ግዢ፤ ይቺ ለአንድ ሥራ ብቻ የተፈጠረች ናት።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ጋሼ፣ ስገዛ እንዳልታለል ምን ላይ ልጠንቀቅ? ሞተሩን ለማየት መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ።

ቅዳሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። ሰው ሁሉ ሞተር ያስነሳል፣ ጆሮውን ይደቅናል፣ ዘይት በጣቱ ይነካል። እኔም መካኒክ ነኝ ብዬ እንደዚያው ነበር ያደረግኩት። ሞተሩ ፎርድ ለመኪናና ለፒክአፕ ለዓመታት ሲሠራው የነበረ ዓይነት ነው፤ ክፍሉም የሚያውቀው ሰውም ሞልቷል። የሚገድልህ ከወለሉ ሥር ያለው ነገር ነው።

በ1980ዎቹ በተሠሩ ኖቲኮች ሆድ ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ረጃጅም እንጨቶች አሉ። እንደ ቤት ሞራሌ አስባቸው፤ ሞተሩ የሚቀመጠውም እነሱ ላይ ነው። እንጨቱ በፋይበርግላስ ተጠቅልሏል፣ መሃሉ ያለው ክፍተት በፎም ተሞልቷል። ሲሠራ ውኃ የሚገባበት የለም ተብሎ ነው። ኋላ ግን ወንበሩም ወለሉም ሞተሩም በብሎን ይታሰራል፤ እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ለውኃ በር ነው። ፎሙ የገባውን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ያስቀምጣል፣ እንጨቱ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የኖቲክ አምራች የሆነው ኮሬክት ክራፍት እንጨቱን የተወው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ካየህ፣ ታድሷል የሚል ማስረጃ እስካላየህ ድረስ በስብሷል ብለህ ጀምር።

እንዴት ታውቃለህ? ሻጩን አስፈቅደህ ሞተሩን ከእንጨቱ ጋር ከያዙት ትልልቅ ብሎኖች አንዱን ፍታ። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ብሎኑ እየጮኸና እየታገለህ ይወጣል፣ ጥርሱም ደረቅ ፍርፋሪ ይዞ ይመጣል። የእኔ በሁለት ዙር ላላ፤ የቀረውን በጣቴ አወጣሁት። ከኋላው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ውኃ ዝግ ብሎ ወረደ፤ ሽታው ጣሪያው ያፈሰሰበት ጎተራ ሽታ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ካቻቢቴ ብሰድ እስከ እጀታው ገባ። እንግዲህ ይህን ያደረግኩት ከፍዬ፣ ጎትቼ፣ ቤት ካስገባኋት በኋላ ነው።

ብሎን አላስፈታም ያለህ ሻጭ መልሱን ነግሮሃል፤ አመስግነህ ሂድ። ካስፈታህም ሌላ መላ አለ፦ ሚዛን። የዚያ ዘመን የስኪ ጀልባ ከ1,100 ኪሎ ብዙም አይርቅም። የጭነት መኪናዎች ሚዛን ላይ ከነተሳቢዋ አውጣትና የተሳቢውን ክብደት ቀንስ። ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ተርፎ ካገኘኸው ያ ውኃ ነው።

መካኒኩንም ይዘህ ሂድ፤ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ይለካልህ። ግን ከብሎኑ በኋላ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ የበሰበሰውን እንጨት ራሴ መቀየር እችላለሁ? ቪዲዮ ላይ ቀላል ይመስላል።

ቪዲዮው ማሳከኩን አያሳይሽም። ፋይበርግላስ ሲፈጭ አቧራው አንገትና ክንድ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ለሁለት ወር ቤት ውስጥ ከሰው ተለይቼ ነው የተኛሁት። ጥሩ ጭምብል ግዢ፣ የሰባት ዶላሩን አይደለም።

ሥራውን ትችያለሽ። ግን ከመፍጨትሽ በፊት ለኪ። ሞተሩ የተቀመጠበትን ከፍታ፣ የእያንዳንዱን እንጨት ርቀትና ቁመት ጻፊ፣ ከካርቶን ቅርጽ ቁረጪ፣ ፎቶ አንሺ። ጀልባዋን ከተሳቢዋ አታውርጂ። ከሁሉም በላይ ሁሉንም እንጨት ባንዴ አታውጪ! ሆዷን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው፤ ባንዴ ከወጣ ሆዷ ይለመጥና በዚያው ቅርጽ ላይ አዲሱን ታጣብቂበታለሽ። ከዚያ በኋላ እድሜ ልኳን ቀጥ ብላ አትሄድም። አንዱን አውጪ፣ ተኪ፣ ይድረቅ፣ ወደ ሌላው ሂጂ።

አሮጌውን በግራይንደር ስከፍት ግማሹ እንጨት መሆኑን ትቶ ነበር። በእጄ አፈስኩት፤ እንደ ረጠበ ቂጣ በጣቴ መሃል ይፈርሳል። ፎሙን ስጨምቀው ውኃ ይንጠባጠባል፤ በአሥራ ሁለት የቆሻሻ ጆንያ አወጣሁት።

ሁሉም አልቆ ሞተሩ ሲመለስ የመጨረሻው ጣጣ መስመር ማስያዝ ነው። ከካምቢዮው የሚወጣው ፍላንጅ (ክብ ማያያዣ ብረት)ና የፕሮፔለሩ ዘንግ ፍላንጅ ፊት ለፊት ሲገናኙ በመሃላቸው ያለው ልዩነት ዙሪያውን ከ0.003 ኢንች መብለጥ የለበትም። ይህ ከአንድ ወረቀት ይቀጥናል። ተሳቢ ላይ አስተካክዪ፣ ከዚያ ውኃ ላይ ካደረች በኋላ እንደገና ለኪ፤ ውኃ ላይ ስትቀመጥ ቅርጿ ትንሽ ይለወጣል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ፖሊስተር ሬዚን ወይስ ኢፖክሲ?

ፋብሪካው የሠራው በፖሊስተር ነው፣ ርካሽም ነው። አሮጌ ፋይበርግላስ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ግን ኢፖክሲ ነው። እኔ ኢፖክሲ ተጠቀምኩ፤ ከ3,650ው የሚበዛውን የወሰደውም እሱ ነው። ብርድ ላይ አይደርቅም፣ ሚያዝያ እስኪገባ ጠብቄያለሁ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ሞተሩ የፎርድ ከሆነ ሞተሪኖና ዲናሞውን ለምን ከመኪና ዕቃ ሱቅ በግማሽ ዋጋ አልገዛም?

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። መኪና ላይ የቤንዚን ተን ቢወጣ ነፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ላይ ግን ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ሆዷ ውስጥ ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖና ዲናሞ ሲሠሩ ብልጭታ ያወጣሉ፣ አልተደፈኑም። የጀልባው ብልጭታው እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የአሜሪካ ሕግም ያስገድዳል። የነዳጅ ፓምፑም፣ ካርቡሬተሩም እንደዚሁ፤ ሲያፈስ ወደ ውጭ እንዳያፈስ ነው የተሠራው። በዚያ ላይ አንዳንዱ የስኪ ጀልባ ሞተር ከመኪናው በተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ የመኪናው ሞተሪኖ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አይሆንልህም።

ከማስነሳትህ በፊት የሆዷን አየር የሚያወጣውን ማራገቢያ አራት ደቂቃ አሠራው። ልጆች «እንሂድ፣ እንሂድ» ቢሉም አራት ደቂቃ ነው።

ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት፣ እነዚህን ከፈለግክበት ግዛ።

ጥያቄ (ከቺካጎ)፦ «በራሴ ጥፋት ሞተር ቀየርኩ» ያልከውን ዘለልከው።

ትረሱታላችሁ ብዬ ነበር።

ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው፤ እንደ መኪና ራዲያተርና አንቲፍሪዝ የለውም። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ውኃው ተጠርጎ መውጣት አለበት። ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ጎንና ጎን ላይ የማፍሰሻ ቡሽ አለ። የመጀመሪያው ጥቅምት ላይ ሁለቱንም ፈታሁ። ከግራው ውኃ ወረደ፤ ከቀኙ ምንም። «ባዶ ነው» ብዬ ቡሹን መልሼ አጠበቅኩና ሸፈንኳት። ባዶ አልነበረም፤ ቀዳዳውን ዝገትና አሸዋ ደፍኖት ነው። የሚኒሶታ ጥር የሚያደርገውን አደረገ፤ ውስጡ የቀረው ውኃ በረዶ ሆኖ አበጠ።

በግንቦት ሳስነሳት ምን የመሰለ ድምፅ! አምስት ደቂቃ ሠራች። ዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ከውኃ ተቀላቅሎ ማኪያቶ ሆኗል፤ ከነአረፋው። ሞኖብሎኩ ከጎኑ የመዳፍ ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል።

ቡሹን ስትፈቺ ውኃ ካልመጣ ሽቦ አስገቢ፣ ቆፍሪ፣ እስኪፈስ ድረስ አትልቀቂ። ከዚያ ሞተሩ ሮዙን አንቲፍሪዝ እንዲስብ አድርጊ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ስጠግን ኖሬ፣ የራሴን በአንድ ሽቦ እጦት ገደልኳት። ባለቤቴ እስካሁን ማኪያቶ ስታቀርብልኝ ፈገግ ትላለች።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ለባለሙያ ሰጥቼ ባሠራስ?

እንጨቱን ብቻ ሁለት ቦታ ጠይቄ አንዱ 9,000፣ ሌላው 14,000 አለኝ። አያጋንኑም፤ ሥራው ያን ያህል ነው። በዚያ ዋጋ ከሄድክ እንጨት የሌላትን የኋለኛውን ዘመን ጀልባ ግዛ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አንድ አምጥቼ ላንጋኖ ላይ ባሠራትስ?

ሐሳቡ ደስ ይላል። ሁለት ነገር ግን አስብ። ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሞተሩ እዚያ አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ከመቶ 15 ገደማ ይቀንሳል። ካርቡሬተሩን አስተካክለህ ክንፉ ብዙ ያላዘነበለ ፕሮፔለር ካልገጠምክ ሰው ከውኃ ለማንሳት ታቃስታለች። ሁለተኛው የውኃው ቀለም ነው። ያ ቡናማ ደለል ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ያንኑ ውኃ እየሳበ ነው የሚቀዘቅዘው። በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረውን የጎማ ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በተዘጋ ዑደት አንቲፍሪዝ የሚቀዘቅዝበትን ተጨማሪ ዕቃ ግጠም፤ ለፓምፑም አምስት ስድስት የጎማ ክንፍ ይዘህ ግባ።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሐበሻን ምን ከስኪ ጋር አገናኘው? የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ አይደለም?

የውኃ ስኪ የተጀመረው እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሌክ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ በ1922። ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ሁለት የጥድ ሳንቃ ገዝቶ፣ ጫፋቸውን በፈላ ውኃ አለስልሶ አጎበጣቸውና በፔፒን ሐይቅ ላይ ቆመባቸው። የሀብታም ጨዋታ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ታውቂዋለሽ። ባለ ታንኳው ማታ ሲመለስ ታንኳውን ውኃ ላይ ትቶ አይሄድም፤ ጎትቶ አውጥቶ ያቆመዋል፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍና ደንገሉ ፀሐይ እንዲያገኝ። አለዚያ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ልጅ ሆኜ በየቀኑ አየው ነበር። ሚኒሶታም ከሐይቅ ስትወጪ የጀልባሽን የሆድ ቡሽ ነቅለሽ ውኃውን አፍስሰሽ ሂጂ የሚል ሕግ አላት፤ የእነሱ ምክንያት ባዕድ ቀንድ አውጣና አረም ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመት ነው። እኔ ሕጉም ባይኖር እነቅላለሁ። ቡሹን ነቅዬ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጌ፣ ወለሉን ገልጬ ነው የማሳድራት።

ጥያቄ (ከአትላንታ፣ ያ ልጅ)፦ ጋሼ አሁን አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። የ1985፣ 1,500 ዶላር። «ሞተሩ ይሠራል፤ ወለሉ አንድ ቦታ ትንሽ ይለሰልሳል» ይላል። ልያዘው?

ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሦስተኛው ላይ የሾፌሩ ወንበር ወደ ግራ ማዘንበሉን አይተሃል? ከሥሩ የሚይዘው የለም። «ትንሽ ይለሰልሳል» ያለው ሰውየው የረገጠበትን ቦታ ብቻ ነው።

ተሳቢውን አየሁት፣ ጎማዎቹ አዲስ ናቸው፤ ብቻውን 800 ያወጣል። ስለዚህ ደውልለት፣ ግን ገንዘብ ይዘህ አትሂድ። የ15/16 ኢንች የብሎን መፍቻ ይዘህ ሂድ፤ ብሎኑ ምን ይዞ እንደወጣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።