«ነርሲንግ ትታ ስለ ቆሻሻ ልትማር ነው»

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ የምኖር የ54 ዓመት አባት ነኝ። 22 ዓመት ታክሲና ኡበር ነድቻለሁ። ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ነርሲንግ ጀምራ ሳታማክረኝ ወደ «ሰስቴነቢሊቲ» ቀየረች፤ ተፈጥሮን ሳያጠፉ ስለ መኖር የሚያስተምር ነው አሉ። «ስለ ቆሻሻ እንድትማሪ ነው እንዴ እዚህ የለፋሁት?» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን። እናቷ መሀል ገብታ ትላላካለች። እኔ የአየር ጤና ልጅ ነኝ። ሰፈራችን አጠገብ ያለው የቆሻሻ ክምር፣ ቆሼ፣ የተናደ ጊዜ ልጄ ሕፃን ሆና ሁለት ቀን አልቅሳለች፤ ሆደ ባሻ ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 22 ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ልጁ የእንጀራ ስጋት የሌለበት ሙያ እንድትይዝለት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? እኛ ሐበሾች ዘንድ ደግሞ «ልጄ ነርስ ናት» ማለት «አለፈላት» ማለት ነው። ሰስቴነቢሊቲን ለዘመድ ማስረዳት ራሱ ፈተና ነው። ስሙም አዲስ ነው። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስም ትምህርት ቤት ያቋቋመው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው እሱ ነበር። እርስዎ ባይሰሙት አይገርምም።

ስጋትዎን በብር እንየው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ እንደሚለው፣ በ2023 የነርሶች መካከለኛ የዓመት ደሞዝ 86,070 ዶላር ነበር። የአካባቢ ሳይንስ ባለሙያዎች ደግሞ 78,980። ይበላለጣል፣ ግን የሰማይና የምድር ያህል አይደለም። አንድ ነገር አልደብቅዎትም፦ ነርስ ተመርቃ፣ ተፈትና፣ ፈቃዷን ይዛ ሥራ ትገባለች። የልጅዎ መንገድ እንደዚያ የተጠረገ አይደለም። ሰስቴነቢሊቲ ሰፊ ጃንጥላ ነው። ከሥሩ ጠንካራ ሳይንስ ያለበት ፕሮግራም አለ፤ ወሬ የሚበዛበትም አለ። ስለዚህ ኬሚስትሪና ስታትስቲክስ ትወስድ እንደሆነ፣ ለክረምት ኢንተርንሺፕ አስባ እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። ዛሬ ግን አይጠይቋት።

ዛሬ የሚቀድም ነገር አለ። ስለ ቆሼ የጻፉትን እንደ ዋዛ ጣል አድርገው አልፈውታል። እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ ከክምሩ ለቅመው የሚያድሩም ነበሩ። ልጅዎ ያንን ያየችው የአባቷ ሰፈር ሆኖ ነው። እርስዎ «ሆደ ባሻ» አሏት። ልጅዎን አላነጋገርኩምና እርግጠኛ ልሆን አልችልም፤ ግን ሕፃን ሁለት ቀን ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ መልስ ያላገኘ ጥያቄ አለው። «ሰው ለምን ቆሻሻ ሥር ይኖራል?» የሚል ጥያቄ ደግሞ የምትማረው ትምህርት ራሱ ነው። እዚያው ቆሼ ባለበት ረጲ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አስልቶ ያመጣው ሐሳብ ነው። «ስለ ቆሻሻ» ብለው ሲጮሁባት ምን እንደተሰማት አሁን ይገምቱት።

ሳታማክርዎ መቀየሯ ቅር ቢያሰኝዎ እውነትዎን ነው። ግን የሚሉትን አስቀድማ ታውቀው የለ?

ባለቤትዎን ከመልእክተኛነት ያሳርፏቸው። በእሳቸው በኩል ያለፈ ቃል እርስዎ ጋ ሲደርስ ወይ ለስልሶ ነው ወይ ጠንክሮ። ደግሞ ደክሟቸዋል።

ራስዎ ይደውሉ። እየነዱ አይሁን፤ መኪናውን ጥግ ይዘው ያቁሙ። ስለ ክፍያ፣ ስለ ነርሲንግ ምንም አያንሱ። «ያን ጊዜ ስለ ቆሼ ስታለቅሺ ምን እያሰብሽ ነበር?» ብለው ይጠይቋት። ዝም ብትል አይቸኩሉ። «እኔ'ኮ እዚያ ሰፈር ነው ያደግኩት» ብለው የልጅነትዎን ይንገሯት፤ ሽታውን፣ ጭሱን፣ አብረዋችሁ ኳስ ይጫወቱ የነበሩትን የቆሼ ልጆች። ይህን እስከ ዛሬ አውርተውላት የሚያውቁ አይመስለኝም።