ከገንዘቡ በፊት ሰዓቱን ጠይቁ፦ ልጆቻቸው ኮሌጅ ሊሮጡ ወይም ኳስ ሊጫወቱ ለተዘጋጁ ወላጆች

ሰሞኑን ጎበዝ ሯጭ ወይም እግር ኳስ ተጫዋች ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ኮሌጅ ለስፖርተኛ መክፈል ጀምሯል አሉ፤ ለኔ ልጅ ስንት ይሰጡታል?» መጠየቁ ደግ ነው። ግን ከሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ልጁ በሳምንት ስንት ሰዓት ለቡድኑ ይሰጣል? ለትምህርቱና ለእንቅልፉስ ስንት ይተርፈዋል? ይህን ሳይጠይቁ የፈረሙ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ልጁ ሲደክም፣ ውጤቱ ሲወርድ፣ እናትና አባት ምን እንደተፈጠረ እንኳን ሳይገባቸው ሲጨነቁ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ፣ ምክንያቱም ብዙ ወሬ አለበት። ኤንሲኤኤ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ለረጅም ዘመን ተማሪው ከስኮላርሺፕ ውጭ በስፖርቱ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ልጆቹ በስማቸውና በምስላቸው፣ ማለትም በማስታወቂያ፣ በሶሻል ሚዲያና በመሳሰለው፣ ገንዘብ እንዲሠሩ ተፈቀደ። ኤንአይኤል የሚሉት ይሄን ነው። ከዚያ በጁን 2025 ስፖርተኞች ኤንሲኤኤን በከሰሱበት፣ ሃውስ በሚባለው ክስ የተደረሰውን ስምምነት ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን አጸደቁት፤ ኮሌጆችም ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ቻሉ። የመጀመሪያው ዓመት (2025–26) ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ይህን ቁጥር ሰምቶ ያልተነሣሣ ወላጅ የለም። ግን ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚከተሉት ክፍፍል 75 ከመቶውን ለአሜሪካ ፉትቦል፣ 15 ከመቶውን ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 ከመቶውን ለሴቶች ቅርጫት ኳስ ይሰጣል። የቀረችውን 5 ከመቶ ሌላው ስፖርት በሙሉ ይካፈላታል። የኛ ልጆች በብዛት ያሉት ሩጫና እግር ኳስ ላይ ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ከትምህርት ቤቱ የሚመጣው ጥሬ ገንዘብ ትንሽ ነው ወይም የለም። ይባስ ብሎ ስምምነቱን በተቀበሉት ትምህርት ቤቶች የቡድኑ ቁጥር ተገድቧል፤ እግር ኳስ 28፣ ክሮስ ካንትሪ 17፣ ትራክ 45 ሰው። ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ እየተለማመደ ቦታ ያገኝ የነበረው ልጅ ዛሬ በሩ ጠቦበታል።

እንግዲህ ለልጃችሁ ዋናው ክፍያ ስኮላርሺፑ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሒሳብ ሥሩ። አሰልጣኝ ስልክ ደውሎ «ስኮላርሺፕ አለን» ሲል ሙሉ ነው ማለቱ አይደለም። በሩጫና በእግር ኳስ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከፊሉ ነው። በዓመት 60,000 ዶላር የሚያስከፍል ትምህርት ቤት 30 ከመቶ ቢሰጣችሁ 42,000 በእናንተ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ በአራት ዓመት ይባዛ። በሌላ በኩል ኤንሲኤኤ ኮሌጆችን ከሚከፍልባቸው ሦስት ደረጃዎች (ዲቪዥን 1 ከፍተኛው ነው) ዲቪዥን 3 የሚባሉት ኮሌጆችና እነ ሃርቫርድና ኮሎምቢያ ያሉበት አይቪ ሊግ በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ግን በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ እርዳታ ይሰጣሉ። አባት ኡበር፣ እናት ነርሲንግ ሆም የምትሠራበት ቤት ከሆነ ከአንዳንዶቹ የሚገኘው እርዳታ ከዲቪዥን 1 ከፊል ስኮላርሺፕ ሊበልጥ ይችላል። ደግሞም ልጁ ቢጎዳ ወይም ስፖርቱ ቢሰለቸው ይሄ እርዳታ አብሮት ይቀጥላል። ብዙ ወገኖቻችን «ዲቪዥን 1 ነው» ለመባል ሲሉ ይህን በር ሳያንኳኩት ያልፋሉ። ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ደንቡ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም ይላል፤ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን አለ። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። አቆጣጠሩን ግን እዩት። የውድድር ቀን ከንጋት እስከ ማታ ቢፈጅም እንደ 3 ሰዓት ነው የሚያዘው። የአውቶቡስና የአውሮፕላን ጉዞ አይቆጠርም። ከጉዳት ለማገገም ቴራፒ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ አይቆጠርም። «በፈቃደኝነት» የሚሉት ልምምድም አይቆጠርም፤ ቦታውን ማጣት የማይፈልግ ልጅ ግን ከሱ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል። ይህ ሁሉ ሲደመር ሳምንቱ በቀላሉ ከ30 ሰዓት ያልፋል። በዚያ ላይ 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ ክፍል ከሚቀመጥበት ሌላ ለእያንዳንዱ ክሬዲት ሁለት ሰዓት ያህል እንዲያጠና ነው የሚጠበቀው፤ ያ ደግሞ 45 ሰዓት ነው። ሁለት ሙሉ ሥራ ማለት ነው። እኛ እዚህ አገር ሁለት ሥራ የሠራን ሰዎች ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

ሩጫ ደግሞ ከሌላው ይከብዳል። እግር ኳስ በዋናነት የፎል ወቅት ነው፤ ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ልጁ አይገኝም፣ ከዚያ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ከባድ ኮርሶቹን ወደ ስፕሪንግ ሊያዞር ይችላል። የረጅም ርቀት ሯጭ ግን በዓመት ሦስት ወቅት አለው። ክሮስ ካንትሪ ኖቬምበር ላይ ያልቃል፣ ኢንዶር (የቤት ውስጥ ሩጫ) እስከ ማርች፣ ከዚያ አውትዶር (የሜዳ ሩጫ) እስከ ጁን። የሚያርፍበት ሴሚስተር የለውም። ስለዚህ የሯጭ ወላጅ አሰልጣኙን ሲያገኝ አጥብቆ መጠየቅ ያለበት የክረምት ኮርስ ጉዳይ ነው፦ የሰመር ትምህርት ክፍያን ስኮላርሺፑ ይሸፍናል ወይ? ልጁ ሰመር ኢንተርንሺፕ ቢያገኝ እዚያው ከተማ ብቻውን እየተለማመደ ሊሠራ ይፈቀድለታል ወይ? አዎ ካለ በኢሜይል ይጻፍላችሁ።

የሜጀር፣ ማለትም ልጁ የሚመረቅበት የትምህርት ዘርፍ፣ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ነው። ነርሲንግ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ፕሪ-ሜድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ ልምምዱም ከሰዓት በኋላ ነው። አማካሪው መጥቶ «ለስኬጁልህ የሚመች ሌላ ሜጀር አለ» ይለዋል። ልጁ 18 ዓመቱ ነው፣ አሰልጣኙን ማስደሰት ይፈልጋል፣ እሺ ይላል። ለጊዜው ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን የዲቪዥን 1 ደንብ አለ፤ ተማሪው ለመወዳደር በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የዲግሪውን 40 ከመቶ፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 ከመቶ መጨረስ አለበት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ወደ ነርሲንግ ልመለስ ቢል የወሰዳቸው ኮርሶች ለአዲሱ ዲግሪ አይቆጠሩለትም፣ ፐርሰንቱ ይወርዳል፣ ከውድድር ይታገዳል። ስለዚህ ሳይወድ በጀመረው ይቀጥላል። የአንዲት ወዳጄ ልጅ በዚህ መንገድ ነርስ ሳትሆን ቀርታለች፤ ከተመረቀች በኋላ እንደገና ከስር ጀምራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች። ገና ስትጎበኙ ጠይቁ፦ አሁን ቡድኑ ውስጥ ልጄ የሚፈልገውን ሜጀር የሚማር ሰው አለ? ካለ ያን ተማሪ ልጃችሁ ለብቻው ያናግረው።

እንደሚቻል ማሳያ አለን። የኢትዮጵያውያን ልጅ የሆነውና ሉዊቪል ኬንታኪ ያደገው ያሬድ ንጉሤ ኖተር ዴም ባዮኬሚስትሪ ተምሯል፤ እዚያው እያለ በ2019 የኤንሲኤኤ የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፣ በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ደግሞ ለአሜሪካ ነሐስ አመጣ። የጥርስ ሕክምና ዘርፍ ውስጥ የመግባት ሐሳብ እንዳለውም ደጋግሞ ተናግሯል። ልጆቻችሁ ያውቁታል፤ እናንተም እወቁት።

ልጁ ገና ሃይስኩል ከሆነ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ኮርሶቹን ተከታተሉ። ዲቪዥን 1 የሚፈልገው 16 ኮር ኮርስና በነሱ ላይ 2.3 አማካይ ውጤት ነው፤ አሥሩ ከ12ኛ ክፍል በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። ከአገር ቤት በቅርብ ለመጡ ልጆች ይሄ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምር) ኮርስ በአብዛኛው አይቆጠርም። ካውንስለሩን ቶሎ አናግሩ። ሃይስኩል ከጨረሰ በኋላ አገር ቤት የሮጠባቸው ዓመታትና ውድድሮችም ይመረመራሉ፣ ስለዚህ ምንም አትደብቁ።

የወንድማችሁን ልጅ በተማሪ ቪዛ ያስመጣችሁ በደንብ አንብቡ። በኤፍ-1 ያለ ተማሪ ያለ ፈቃድ ከካምፓስ ውጭ መሥራት አይችልም፤ ማስታወቂያ ተቀርጾ ገንዘብ መቀበል እንደ ሥራ ሊቆጠርበትና ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል። የቡድን ጓደኞቹ ስላደረጉት እሱም ይችላል ማለት አይደለም። የኢሚግሬሽን ጠበቃና የትምህርት ቤቱ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሳይፈቅዱ አንድ ዶላር እንዳይነካ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ መጥቶ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ይሄ ችግር የለበትም።

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ላለው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰፈራችሁ ያለ የሀበሻ ሬስቶራንት ልጁን ለማስታወቂያ ቢፈልገው ደስ ይላል፣ ያድርገው። ዲቪዥን 1 ከሆነ ግን 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል ኤንአይኤል ጎ በሚባለው ሲስተም መመዝገብ አለበት። ታክስም አለው። በግል ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ለአይአርኤስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 ከመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር አለበት። ማንም ቀድሞ አይቆርጥለትም። ከሚገባው ሩቡን ወይም ሲሶውን ወዲያው ሌላ አካውንት ውስጥ ያስቀምጥ። ገቢው ፋፍሳ በሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ላይም ይታያል፤ ሌላውን እርዳታ ሊቀንስበት ይችላል። የኤጀንት ውል ከመጣ ደግሞ ወደፊት ፕሮ ሲሆን ከሚያገኘው ላይ ፐርሰንት የሚጠይቅ አንቀጽ እንዳይኖር ጠበቃ ያንብበው። ለጠበቃ የምትከፍሉት ጥቂት መቶ ዶላር አይቆጫችሁ።

ይሄን ልበልና ቅር አይበላችሁ። ልጁ ገንዘብ አገኘ ሲባል ዘመድ ይሰማል፤ አገር ቤት ያለው ይሰማል። የቤት ክፍያ፣ የአክስት ሕክምና፣ የሠርግ መዋጮ በሱ ገንዘብ ላይ አትመሥርቱ። ውሉ የሚቆየው እስከተጫወተ ድረስ ነው። ቤተሰቡ በሱ ገቢ ከተዳደረ ልጁ እግሩን እያመመውም ይሮጣል፤ ቡድን መቀየር ሲኖርበትም ለትምህርቱ ወደሚሻለው ቦታ ሳይሆን የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል።

ጾምንም ላንሣ፣ ማንም አያነሣውምና። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ከኢንዶር ሻምፒዮናውና ከአውትዶር ጅማሬ ጋር ይገጣጠማል። ረመዳንም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያው አካባቢ ነው የሚውለው። መጾም ይቻላል፤ ግን ሳይናገሩ መጾም ልጁን ይጎዳል። የቡድኑን የሥነ ምግብ ባለሙያ አስቀድሞ ያናግር፣ ደሙን ተመርምሮ የብረት መጠኑን ይወቅ፣ ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር። በተለይ ሴቶች ልጆች ላይ ተጠንቀቁ። በቂ ሳይበሉ ብዙ የሚሮጡ ልጆች የወር አበባቸው ሊቋረጥ፣ ከዚያም አጥንታቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። የወር አበባ መቅረቱን «ስፖርት ስለምትሠራ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይያት።

አንድ የቀረ ነገር። ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ትምህርት ቤቱ ያለ እሱ ፈቃድ ውጤቱን ለወላጅ የማሳየት ግዴታ የለበትም፤ ፌርፓ የሚባል ሕግ ነው። ብዙ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ሊታገድ ሲል ነው የሚሰማው። አሰልጣኙ ያውቃል፣ አማካሪው ያውቃል፣ እናንተ ብቻ አታውቁም። ልጁን በክብር ጠይቁትና ውጤቱን ለወላጅ ማሳየት የሚፈቅደውን ቅጽ ከሬጂስትራር ቢሮ ወስዶ ኦገስት ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ይፈርም።