ባለ 24 ቮልቱ ፒካፕ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተረክቦ ኋላ በጨረታ ያስወጣቸው የሸቭሮሌት ፒካፖች፣ በጦሩ መጠሪያ ኤም 1008፣ ዛሬ በብዙ ሰው ግቢ ቆመው ይገኛሉ። ሞተራቸው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 6.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለባቸውም፤ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ትዕግሥት ያለው ሰው እቤቱ ሊጠግናቸው ይችላል። እኔም የምወዳቸው ለዚሁ ነው። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የማየው ግን አብዛኛው ሰው ሳይለካ ዕቃ እንደሚገዛ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዴንቨር ነው። ጠዋት ሲበርድ መኪናዬ አይነሳም። ስምንቱንም የማሞቂያ ካንዴላ (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀውን) ለወጥኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስቱ ተቃጠሉ። እነሱን ለውጬ ስጨርስ ደግሞ ሌሎቹ ሄዱ። ካንዴላው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካንዴላውን ከመውቀስዎ በፊት የሚደርሰውን ቮልት ይመልከቱ። መኪናው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ የተያያዙበት ነው። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ በ24 ቮልት ይሠራል፤ መብራቱና አብዛኛው ሌላ ነገር በ12። ካንዴላዎቹም የ12 ቮልት ናቸው፤ ሆኖም ከፋብሪካው ሲወጣ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከ24ቱ መስመር ነው። ትርፉን ቮልት የሚቀንሰው በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የታሰረው ሬዚስተር ነው።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሬዚስተሩ ቮልቱን በትክክል የሚቀንሰው ስምንቱም ካንዴላ አብረው ሲስቡ ብቻ ነው። አንዱ ሲቃጠል በሬዚስተሩ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንሳል፤ እሱ የሚቀንሰው ቮልትም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ በቀሩት ሰባት ላይ የሚያርፈው ይጨምራል። ሁለተኛው ሲሄድ ደግሞ ይብሳል። እርስዎ ሦስቱን ሲለውጡ ሌሎቹ ከመጠን በላይ ግለው ተጎድተው ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። የእያንዳንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቅለው በካንዴላው ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል በቴስተር ኦም ይለኩ። ደኅናው በጣም ትንሽ ቁጥር ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ከዚያ ሽቦዎቹን መልሰው የማሞቂያው መብራት በበራበት ሰዓት ቮልቱን ይለኩ። ከ12 ብዙ ካለፈ ምክንያቱን አገኙት። ቁልፉን ዘግተውም ቮልት ካለ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ተጣብቋል ማለት ነው፤ የተጣበቀ ሪሌ አዲስ ካንዴላ ሁሉ ይበላል። የእኔ ምክር ሬዚስተሩን አልፎ ካንዴላዎቹን ከ12 ቮልቱ መስመር በወፍራም ሽቦ መመገብ ነው። በብዙ መኪኖች ተሠርቶ የተፈተነ መፍትሔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የአንዱ መቃጠል ሌላውን አይጎዳም።

ሲገዙ ሙቀቱን ራሱ የሚገድበውን ዓይነት ይምረጡ። የድሮው ዓይነት ከመጠን በላይ ሲግል ጫፉ ያብጣል፣ ሲፈታም ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ያበጠውን በጉልበት አይጎትቱት፤ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ነክረው ወደፊትና ወደኋላ እያዞሩ ቀስ ብለው ያውጡ። ኢተር፣ ማለትም የሞተር ማስነሻ ስፕሬይ፣ ግን በፍጹም አይንፉበት! የጋለ ካንዴላ ኢተሩን ያለጊዜው ያቀጣጥለውና ፒስተን ይሰብራል።

ጥያቄ፦ ባትሪው ሲሞት የጎረቤቴን መኪና አስጠግቼ በኬብል ማስነሳት እችላለሁ? ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ሶኬት ለዚያ ነው ይባላል። (አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂንያ)

መልስ፦ ሶኬቱ የተሠራው ከሌላ ወታደራዊ መኪና 24 ቮልት ለመቀበል ነው፤ የጎረቤትዎን ባለ 12 ቮልት መኪና እዚያ ላይ አያስሩ። ከሁለቱ ባትሪዎች ቮልቱን ከ12 ወደ 24 የሚያደርሰው ባትሪ ነጌቲቩ ማሳ አይደለም፤ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር አልተያያዘም። ከመኪናው አካል 12 ቮልት ከፍ ያለ ነው። የቡሎን መፍቻዎ ያንን ነጌቲቭና የመኪናውን ብረት አንድ ላይ ከነካ የሌላኛውን ባትሪ ሙሉ ኃይል በእጅዎ ሾርት አደረጉት ማለት ነው። ስለዚህ ሲፈቱ ሁልጊዜ ከማሳ ጋር የተያያዘውን ነጌቲቭ ያስቀድሙ፤ ከዚያ ሁለቱን የሚያገናኘውን ኬብል ፈትተው እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ በ12 ቮልት ቻርጀር ይሙሉ። አርፈው ሲለኩ ሁለቱም ወደ 12.6 መጠጋት አለባቸው። አንዱ ብቻ የሚደክም ከሆነ የዚያን ወገን ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላውን) ይፈትሹ፤ መኪናው ሁለት ዲናሞ አለው። የቀድሞ ባለቤት ሬዲዮ ወይም መብራት ከአንዱ ባትሪ ላይ ጎትቶ እንደሆነም ይዩ። ሲለውጡ ሁለቱንም አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ብለቀውም ሞተሪኖው መዞሩን አያቆምም። አንድ ጊዜ ጭስ ወጣው። ባለቤቴ መኪናውን ሽጠው እያለች ነው። (አትላንታ)

መልስ፦ ባለቤትዎ መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ይህ እሳት የሚያስነሳ ብልሽት ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሞተሪኖ ሪሌ ውስጡ ተበያይዟል። አዲስ እስኪያስገቡ ድረስ አያስነሱት። መኪናው ሥር ሲገቡ ሌላም ይዩ፦ የሞተሪኖውን ጭራ ከሞተሩ ብሎክ ጋር የሚያስረው ትንሽ ደጋፊ ብረት አለ? ሞተሪኖ የለወጠ ሰው ብዙ ጊዜ ይጥለዋል። ያለ እሱ ሞተሪኖው ይንቀጠቀጣል፣ ቡሎኖቹ ይሰበራሉ፣ ሲብስም የብሎኩ ጆሮ ይሰነጠቃል። በትንሽ ብረት ምክንያት ሞተር ሙሉ ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ የፍሬን ዘይት ጎድሎብኛል። ማንኛውንም ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። እነዚህ መኪኖች ከጦሩ የወጡት በሲሊኮን የፍሬን ዘይት፣ ማለትም በዶት 5 ነው፤ አዲስ ሲሆን ወይን ጠጅ ቀለም አለው። ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይዋሃድም። ስሙ ቢመሳሰልም ዶት 5.1 ሲሊኮን አይደለም። ምን እንዳለበት ካላወቁ መስመሩን ሙሉ አጥበው በአንድ ዓይነት ይሙሉ። የጎደለበትንም ምክንያት ይፈልጉ፤ የፍሬን ዘይት በአጭር ጊዜ ከጎደለ ወይ ፈስሷል ወይ ሸራው አልቋል።

ጥያቄ፦ አባቴ አርጅተዋል፤ መኪናቸውን አሳምሬ ቀለም ቀብቼ ላስደስታቸው ፈልጌ አረንጓዴውን በማሽን ልፍቀው ነው። (ሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ደስ ይላል፤ ማሽኑን ግን ለጊዜው አስቀምጪው። ጦሩ በዚያ ዘመን የኬሚካል መሣሪያን የሚቋቋም ልዩ ቀለም ይቀባ ነበር። የዚህ ቀለም አቧራ ሳንባን ይጎዳል፤ ከሥሩ ባለው ቀለም ውስጥም ክሮሚየም ሊኖር ይችላል። በደረቁ አትፋቂው፣ በእሳትም አታንሺው፣ ቀለሙ ባለበት ቦታም አትበይጂ። በውኃ እያረጠብሽ፣ ጥሩ የመተንፈሻ ጭምብል አድርገሽ ሥሪ፤ ልጆችም አይቅረቡ። ከቀለሙ ይልቅ ግን ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የተሸከመው የብረት አጥንት) ይቅደም፤ በአገርሽ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል።

ጥያቄ፦ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ አይሮጥም። የናፍጣ ፖምፓው ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ የተሠራው እንዲህ ነው። የዲፈረንሻሉ ሬሾ 4.56 ነው፣ ካምቢዮውም ሦስት ማርሽ ብቻ፤ ስለዚህ በፍጥነት ሲነዱ ሞተሩ ብዙ ይዞራል። በሰዓት እስከ 90 ኪሎ ሜትር ድረስ ይንዱት።

ጥያቄ፦ ለቤተሰቤ ገጠር እንዲያገለግል ወደ ኢትዮጵያ ብልከውስ?

መልስ፦ አይሞክሩት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቢገባ እንኳ ቤተሰብዎን የሚጠቅመው መርካቶ መለዋወጫ ያለው ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ነው።

ጥያቄ፦ መሪው እየላላ ሄዷል፤ ጎማ ባላንስ አሠርቻለሁ፣ ለውጥ የለም። (ሲያትል)

መልስ፦ ይህን ዛሬውኑ ይዩት። የመሪው ሳጥን ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽና በቤንዚን አጽድተው በባትሪ መብራት ይመርምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያዙርልዎ። በዚህ ዘመን የሸቭሮሌት ፒካፖች ላይ ሻንሲው በቡሎኖቹ ዙሪያ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፤ ስንጥቅ ካለ ብረቱ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይን ይታያል። ጥሩ በያጅ ስንጥቁን ዘግቶ ከላዩ ማጠንከሪያ ብረት ይጨምርበታል። እስከዚያ ድረስ ከግቢ እንዳይወጣ።