መልስ፦ ከጨረታ የገዛሁትን መኪና ላሠራው ወይስ ለቁርጥራጭ ልሽጠው?

ወንድሜ አይዞህ። ከጨረታ አንስተህ ሁለት ወር ሳትነዳው ካምቢዮው (ማርሽ መቀያየሪያው) ከዘለለ፣ የሞተር ዘይቱም ማኪያቶ ከመሰለ፣ እኔ ብሆን አላሠራውም። ዘይት እንደዛ ሲነጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ውኃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያሽገው ንጣፍ፣ መበላሸት ነው። እሱን ብታስቀይር እንኳ ካምቢዮው ይጠብቅሃል። እኔም እንዳንተው ከጨረታ ገዝቼ፣ ትንሽ ብቻ ነው የቀረው እያልኩ ሦስት ጋራዥ ካዞርኩት በኋላ፣ ልጆቼን ጭኜ ሀይዌይ ላይ ቆመብኝ። ለቁርጥራጭ ለመሸጥ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ለመጀመሪያው ደዋይ ግን እንዳትሰጠው! ቢያንስ ሦስት ጃንክ ያርድ (አሮጌ መኪና ለቁርጥራጭ የሚገዙ ቦታዎች) ጠይቅ። የሚከፍሉህ በብረቱ ክብደት ቢሆንም፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ኦሪጅናሉ ካልተነሳ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ስትደውል ይህንን ንገራቸው። የመጎተቻውን ሂሳብ ማን እንደሚችልም ቀድመህ ጠይቅ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በስምህ ካልዞረ መጀመሪያ እሱን ጨርስ። ብሩን ሳትቀበል መኪናው እንዳይጫን።

ሜሪላንድ ስለሆንክ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ታርጋውን ራስህ ፈትተህ ለኤምቪኤ (ለግዛቱ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) መልስና ደረሰኝ ያዝ፣ ከዚያ በኋላ ነው ኢንሹራንሱን የምታቋርጠው። ብዙ ሐበሻ ይህን ገልብጦ ሠርቶ መኪናው ከሄደ በኋላ የቅጣት ደብዳቤ መጥቶበታል። ከፊት ወንበር ፊት ያለውን የዕቃ መሳቢያም ፈትሽ፣ አድራሻህ ያለበት ወረቀት አይቅር።