መልስ፦ የጅማን ኪራይ ያስወደደው ድርቅ ነው ወይ?
ወንድሜ፣ «ጅማ ላይ ኪራይ የተወደደው ከድርቅ የሚሸሽ ሰው ስለበዛ ነው?» ላልከው፣ በከፊል ብቻ ይመስለኛል። ቦረና ላይ ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ግን ከብቱ ካለቀበት ሰው ብዙው እዚያው ቅርብ፣ እንደ ዱብሉቅ ባሉ መጠለያዎች ነው የቆየው። ርቆ መሄድም እኮ ብር ይጠይቃል።

ጅማ ዝናብ አላጣችም፤ ሰው ቢመርጣት አይገርምም። የሚመጣው ግን የሚፈልገው ርካሽ ሰርቪስ ቤት ነው። እሱን ደግሞ ተማሪውም የቀን ሠራተኛውም ይሻማበታል። ስለዚህ ጭማሪው ከቪላው ይልቅ እዚያ ይበረታል። አዲስ ቤት ደግሞ ቶሎ አይሠራም፤ የሊዙና የሲሚንቶው ነገር የታወቀ ነው። (ደላላውን ሳንቆጥር!)

አከራይህ «ተፈናቃይ በዛ» ብሎ ከጨመረብህ፣ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ጅማ ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ቀበሌ ጠይቅ።