ሬንደር ላስመረራችሁ ልጆች

ይድረስ በየሰፈሩ ስቱዲዮ ለከፈታችሁ፣ ሰርግ ለምትቀርጹ፣ ለዩቲዩብ ለምትሠሩ ልጆች።

ሰሞኑን ከምትጠይቁኝ ነገር ስለ ካሜራ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው «ኤክስፖርት (ሬንደር) ሲያደርግ ያድራል፤ ምን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» የሚል ነው። ደንበኛው ማክሰኞ ይፈልጋል። ሰኞ ማታ መብራት ይሄዳል። ኮምፒውተሩ 80 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ነበር። ምሬታችሁ ይገባኛል። እኔ ግን ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ምን ሲሠራ እንደሚያድር እዩ እላለሁ። ብዙ ብር የሚባክነው ይህን ሳያዩ ሲገዙ ነው።

ኤክስፖርት ስትሉት ኮምፒውተሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ የቆረጣችሁትን፣ ቀለሙን ያስተካከላችሁትን፣ ጽሑፍ የጨመራችሁበትን ምስል ፍሬም በፍሬም ሠርቶ ያወጣል። ሁለተኛ፣ ያንን ሁሉ ፍሬም በቴሌግራም እንዲሄድ፣ በፍላሽ እንዲገባ ጨምቆ ያሳንሰዋል። ኢንኮዲንግ የሚባለው ሁለተኛው ነው። ካርዱ ላይ ያለው ኢንኮደር የሚያፈጥነውም እሱን ብቻ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ አምስት ደቂቃ የሚሆን ሥራ ኤክስፖርት በሉና ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሥራው ቆረጣና ትንሽ ቀለም ብቻ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ላይ ከተጣበቀ፣ ያዘገያችሁ ኢንኮዲንጉ ነው። ካርድ ይረዳችኋል። ፕሮሰሰሩ 30 እና 40 ላይ እየዋለለ ዲስኩ 100 የሚል ከሆነ ግን፣ ከአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ እያነበባችሁ እዚያው ላይ እየጻፋችሁ ነው። ካርድ ብትሰኩም ለውጥ አታዩም። ኤስኤስዲ ግዙ፤ በርካሽ ትገላገላላችሁ። በሁሉም ክሊፕ ላይ ኖይዝ (በጨለማ ሲቀረጽ ምስሉ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) ማጥፊያ ኢፌክት የጫናችሁ ደግሞ አላችሁ። እዚያ ላይ ኢንኮደሩ ፍሬም እስኪደርሰው ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ቀድሞውኑ መብራት ጨምራችሁ መቅረጽ ይሻላችኋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እኛ በዲቪ ቴፕ ስንሠራ የአንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዝ ነበር። ያንን ጨምቆ ዲቪዲ ማድረግ የሌሊት ሥራ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ማትሮክስ ኮምፕረስኤችዲ የሚባል ካርድ አወጣ። ሥራው ኤች.264 በሚባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ፋይል ቶሎ ማውጣት ነው፤ ሌላ ነገር አያውቅም። በዚያው ሰሞን ሊድቴክም የቶሺባን ስፐርስኢንጂን ቺፕ የጫነ ካርድ ይሸጥ ነበር። ዕድሜያቸው አጭር ሆነ። ምክንያቱም ኢንቴል በ2011 ኢንኮደሩን ክዊክ ሲንክ ብሎ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከተተው። ኤንቪዲያ ደግሞ በ2012 ኤንቪኢኤንሲ ብሎ ግራፊክስ ካርዱ ውስጥ አስገባው። ዛሬ ለብቻው ኢንኮዲንግ የሚሠራ ካርድ የሚገዙት ትልልቅ ስትሪሚንግ ድርጅቶች ናቸው። ለምሳሌ ኤኤምዲ በ2023 ያስተዋወቀው አልቬዮ ኤምኤ35ዲ በአንድ ጊዜ እስከ 32 የፉል ኤችዲ ስርጭት ይይዛል። ለእናንተ የታሰበ ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት ያላችሁን ፈትሹ። ፕሮሰሰራችሁ ኢንቴል ከሆነና የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ኤፍ የምትል ፊደል ከሌለች፣ በአብዛኛው ኢንኮደር ቤታችሁ ውስጥ አለ። ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ ከኤች.264 ሌላ ተከታዩን ኤች.265ም ይሠራል። ከውጭ ተጠቅመውባቸው የሚመጡት የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ይሄ አላቸው። ችግሩ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ላይ ተዘግቶ ይቀመጣል። ሌላ ግራፊክስ ካርድ ሲሰካ አንዳንዱ ማዘርቦርድ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ በራሱ ጊዜ ያጠፋዋል። ባዮስ ውስጥ መልቲ ሞኒተር የምትል ምርጫ ፈልጉና አብሯት። ብዙ ልጅ በዚህች ብቻ ካርድ ከመግዛት ድኗል።

ካርድ ያስፈልገኛል ያላችሁ ደግሞ ወጥመዱን እወቁ። ግራፊክስ ካርድ ሁሉ ኢንኮደር የለውም። የኤንቪዲያው ጂቲ 1030 የለውም። የኤኤምዲዎቹ አርኤክስ 6400 እና አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በ2022 የወጡ ናቸው፤ እነሱም የላቸውም። ሻጭ «ይሄ አዲስ ነው፣ ፎርኬ ይሠራል» ሲላችሁ ፎርኬ ያሳያል ማለቱ ነው። ከተጠቀሙባቸው ካርዶች መካከል ስማቸው የተቀየረ አስመሳይም አለ። ጂፒዩ-ዜድ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሰክተው ያሳዩዋችሁ፤ ፎርጅድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ትናገራለች። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ።

አሁን ባለው ገበያ ለትንሽ ስቱዲዮ የምወደው የኢንቴል አርክ ኤ380 ነው። ታናሹ ኤ310ም አለ። ሁለቱም ኤቪ1 የሚባለውን አዲስ ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ) ኢንኮድ ያደርጋሉ፤ ይህን በሃርድዌር ለተራ ተጠቃሚ ቀድሞ ያመጣውም የአርክ ቤተሰብ ነው። ለጌም ብዙ አይመሰገኑም። እኛ ግን ጌም ልንጫወት አይደለም። አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢንቴል ራሱ ለአርክ 10ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይመክራል። ባዮሱ ላይ ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ምርጫም በርቶ መገኘት አለበት። ማሽናችሁ ከዚያ ያረጀ ከሆነ ኤንቪዲያ ይቀላችኋል። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 የሚበላው 70 ዋት ነው፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድም አይፈልግም። ኤቪ1 ግን ኢንኮድ አያደርግም።

ዋት ያነሳሁት በምክንያት ነው። ካርድ ከስሎቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ከሚሰካበት ቦታ) ቢበዛ 75 ዋት ያገኛል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ገመድ ይዘረጋለታል። እነዚያ ጠባብ የቢሮ ዴስክቶፖች ይህ ገመድ የላቸውም። ፓወር ሰፕላያቸውም የራሳቸው ቅርጽ ስለሆነ ከገበያ ገዝታችሁ አትተኩትም። የአንዳንዶቹ ስሎት ሙሉውን 75 ዋት አይሰጥም፤ የማሽኑን መመሪያ እዩ። ኬዙ ጠባብ ከሆነ አጭሩ (ሎው ፕሮፋይል) ሞዴል ያስፈልጋችኋል። ሲገዙ አጭሩ ብራኬት (ካርዱን ከኬዙ ጀርባ የሚያስረው ብረት) አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ከአሮጌ ካርድ ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።

አገጣጠሙ የሚያስፈራ አይደለም። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ተጭናችሁ ያዙት። የቀረ ኃይል ካለ ይወጣል። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ አትሥሩ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሰውነታችሁ የያዘው ኤሌክትሪክ ካርዱን ይጎዳል፤ በየመሀሉ የኬዙን ብረት ንኩ። አቧራውን አስቀድማችሁ አራግፉ። ረጅሙን ስሎት ፈልጉ። ከጀርባ ያለውን መሸፈኛ ብረት ፍቱ። ካርዱን ከላይ በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ እኩል ተጫኑት። የስሎቱ ጫፍ ላይ ያለችው ማቀፊያ «ቀጭ» ትላለች። ካላለች አልገባም ማለት ነው። የካርዱ ወርቃማ ጥርሶች ከስሎቱ በላይ ከታዩም እንደዚያው። ብሎኗን ሳታስሩ አትዝጉ። ማሽኑ ሰርግ አዳራሽ የሚመላለስ ከሆነ ያልታሰረ ካርድ መንገድ ላይ ይላቀቃል።

ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርዱ። ሱቅ ውስጥ በፍላሽ የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው።

ካርድ ስለተሰካ ፕሮግራሙ ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። በፕሪሚየር ኤክስፖርት ላይ ሃርድዌር ኢንኮዲንግ የምትል ምርጫ አለች። ቢትሬቱን (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበውን የዳታ መጠን) ሁለት ዙር በሚያይ ዘዴ ካስቀመጣችሁት ወደ ሶፍትዌር ይመልሳችኋል። «ካርዱ አልሠራም» ብለው የሚመልሱ ልጆች ብዙዎቹ ይቺ ናት የያዘቻቸው። በሃንድብሬክና በኦቢኤስ ደግሞ ኢንኮደሩን ስሙን አይታችሁ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ የካርዱን ገጽ ክፈቱና ቪዲዮ የሚል ስም ያለው ግራፍ ከፍ ማለቱን እዩ። ዝም ካለ ካርዱ ሥራ ላይ አይደለም።

ኤዲት ስታደርጉ የሚንተፋተፈውስ? እሱ ኢንኮዲንግ ሳይሆን ንባቡ ነው። በተለይ አዳዲሶቹ የሶኒ ካሜራዎች በ10 ቢት 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዝ አቀራረጽ) ሲቀርጹ ማሽኑን ያንቃሉ። የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን በሃርድዌር ማንበብ የጀመሩት በ2025 ከወጣው 50 ተከታታይ ነው። የኢንቴል አርክና ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያለው ክዊክ ሲንክ ያነቡታል፤ ግን አብዛኞቹ በኤች.265 የተቀረጸውን ብቻ ነው። በኤች.264 የተቀረጸውን 4:2:2 ኤ380ም ሆነ ኤ310 አያነብላችሁም። ስለዚህ ካሜራው ላይ ኤች.265 ምረጡ፣ ወይም ፕሮክሲ (ለኤዲት የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ሠርታችሁ ኤዲት አድርጉ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ፤ ጥራት። ሃርድዌር ኢንኮደር ለፍጥነት የተሠራ ነው። ለአንድ ፍሬም የተመደበለት ጊዜ ትንሽ ነው፤ ባገኘው ይወስንና ያልፋል። ፕሮሰሰሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ግን ብዙ አማራጭ ይሞክራል። በእኩል የፋይል መጠን ኤች.264 ላይ ቀርፋፋው ብዙ ጊዜ የተሻለ ምስል ይሰጣል። ቃለ መጠይቅ ላይ ልዩነቱን አታዩትም። ሰውየው ተቀምጧል፣ ግድግዳው አይንቀሳቀስም። እስክስታ ላይ ግን ታዩታላችሁ። የቀሚሱን ጥለት አስተውሉ። ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፣ ቀለማቸው ይለያያል፣ ትከሻው ሲመታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። ቢትሬቱ ካነሰ ጥለቱ ወደ ጭቃ ይለወጣል። የነጠላው ነጭም አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሠራል። የዕጣን ጭስና የሻማ ብርሃን ያለበት ጨለም ያለ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ ጥላ ይወጣል። እናት የልጃቸውን ሰርግ ሲያዩ ኮዴክ አያውቁም። «ቀሚሷ ምነው ደበዘዘ?» ይላሉ።

ስለዚህ መፈተኛ ክሊፕ ያዙ። የጭፈራው አንድ ደቂቃ፣ የሻማው አንድ ደቂቃ። አዲስ ካርድ ሲመጣ ወይም ሴቲንግ ስትቀይሩ እሱን አውጥታችሁ በትልቅ ቴሌቪዥን እዩ። ዩቲዩብ ለፉል ኤችዲ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን 8 ሜጋቢት ይመክራል። እኔ ለጭፈራ በሃርድዌር ሲሆን ወደ 12 እና 16 ከፍ አደርገዋለሁ። የፋይሉን መጠን ግን አስሉ። በ8 ሜጋቢት አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ነው፣ በ16 ደግሞ 7.2። ቴሌግራም በነፃ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ብቻ ይቀበላል። ብዙ ፍላሽ ደግሞ ፋት32 ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገለበጥበትም። ፍላሹን ወደ ሌላ ፎርማት ብትቀይሩት አሮጌ ቴሌቪዥን ላያነበው ይችላል። ሰርጉን፣ መልሱን፣ ቅልቅሉን ለየብቻ ፋይል ማድረግ ይሻላል።

ኤቪ1ን አወድሼላችኋለሁ፤ ለደንበኛ ፍላሽ ግን አትስጡ። የሰዉ ቴሌቪዥንና የቆየ ስልክ አያጫውተውም። አይፎን እንኳ በሃርድዌር የደገፈው በ2023 ከወጣው 15 ፕሮ ጀምሮ ነው። ለደንበኛ ኤች.264 ስጡ። ያረጀ ነው፣ ግን ሁሉ ቦታ ይከፈታል።

ኤቪ1 የሚክሳችሁ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነው። በጥር ሰርግ እዚህ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ሌሊት 10 ሰዓት ነው። አክስትየው ተነስተው ይጠብቃሉ። አዳራሹ ያለው ኢንተርኔት ደግሞ ደካማ ነው። በዚያችው ትንሽ ቢትሬት ኤቪ1 ከኤች.264 የጠራ ምስል ይልካል፤ ዩቲዩብም ይቀበለዋል። ሌላ መድረክ ከሆነ ከሰርጉ ቀን በፊት ሞክሩ። በቀደመው ቀን አዳራሹ ሄዳችሁ የኢንተርኔቱን የመስቀያ (አፕሎድ) ፍጥነት ለኩ፣ በተለካው ግማሽ ላይ ቢትሬቱን ወስኑ፤ እንግዳ ሲሞላና ሁሉም ስልኩን ሲያወጣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ካርዱ ኢንኮዲንጉን ከፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚያነሳ ያው ማሽን እየላከ በትልቅ ቢትሬት ዲስክ ላይም መቅዳት ይችላል። ሁለቱንም አብሩ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ የተቀዳው ይቀራል። ዩፒኤስ ላይ ኮምፒውተሩን ብቻ ሰክቶ ራውተሩን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ሁለቱም ሳይጠፉ መቆየት አለባቸው።